ያልተጠየቀው ዘፈን

ኢርማ ሰባ ዓመት ካለፋት ሰንብቷል። ብራስልስ ውስጥ፣ ከደቡብ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ብቻዋን ትኖራለች። ጎረቤቶቿ የሚያውቋት ደረጃ ስትጠርግና ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሽንኩርትና የተጨሰ ዓሣ ተሸክማ ስትመለስ ነው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ቤቷ የገባውን ሸረሪት በብርጭቆ ይዛ፣ "ሂድ በል፣ እኔም እንዳልፈራህ አንተም እንዳትፈራኝ" ብላ በመስኮት የምትለቅ ሴት ናት። ይህቺው ሴት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሚያዝያ ሲገባ፣ ጥቁር ሹራቧን ለብሳ፣ ሺህ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣ የአንገቷ ሥር እስኪገተር ትጮኻለች ቢባል ማንም ጎረቤቷ አያምንም።

የምትጮኸው "በሩን!" እያለች ነው።

የአስፈሪ ፊልሞች ሳምንት ሲመጣ አዳራሹ የራሱ ሕግ አለው። ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም። ፊልሙ ውስጥ ያለ ሰው በር ከፍቶ ሳይዘጋ ካለፈ፣ ሁሉም በአንድ ላይ "በሩን!" ይላል። ልጅቷ ሻማ ይዛ ብቻዋን ወደ ምድር ቤት ከወረደች "ከኋላሽ!" ይሏታል። ጨረቃ ከደመና ብቅ ካለች ደግሞ ሺሁም ሰው አንገቱን ወደ ላይ ቀስሮ እንደ ተኩላ ያላዝናል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፊልም ሠሪው ራሱ መድረክ ላይ ሲወጣ ነው። ንግግሩን የሚሰማው የለም። "ዝፈን! ዝፈን!" ነው። ስሙ የገነነ ይሁን ጀማሪ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ይሁን የሰፈር ልጅ፣ ሳይዘፍን ፊልሙ አይጀመርም። የልደት ዘፈን ዘፍኖ የወረደ አለ። የአገሩን መዝሙር ግማሽ ላይ ረስቶት በፉጨት የጨረሰም አለ። ሰውን በጨለማ ሲያንቀጠቅጥ የኖረ ሰው የራሱ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ማየት ለአዳራሹ ግማሽ እርካታ ነው። የቀረው ግማሽ ፍቅር ነው።

ኢርማ አምስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። በግራዋ ኔሊ አለች፤ ኢርማ ትራም ትነዳ በነበረበት ዘመን ትኬት ትቆጣጠር የነበረች የረጅም ጊዜ ጓደኛዋ ናት። በቀኟ ባስቲን የሚባል፣ የቤት ማሞቂያ የሚጠግን ግዙፍ ሰው አለ። ሦስቱ ከአዳራሹ ውጭ እምብዛም አይገናኙም፤ ሚያዝያ ሲመጣ ግን ትናንት እንደተለያዩ ሆነው ጨዋታቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

"የዛሬው ደም በደም ነው አሉ" ይላል ባስቲን ሰልፍ ላይ ሆኖ እጁን እያፋተገ።

"አንተ ደም ካላየህ ፊልም ያየህ አይመስልህም። ቄራ አትቀጠርም እንዴ?" ትለዋለች ኔሊ።

"ቄራ ሙዚቃ የለውማ!"

ኢርማ ስለ ፊልም ሠሪዎች የራሷ ፍርድ አላት። አንዳንዶቹ በር ጀርባ ተደብቆ ድንገት የሚዘል ልጅ ይመስሏታል፤ ትደነግጣለህ፣ ትስቃለህ፣ ቤትህ ሳትደርስ ትረሳዋለህ። ደም የሚያፈሱትንም አትንቃቸውም። የሌለ ቁስል ማስመሰል ቀላል ሙያ አይደለም፤ ባስቲን ከጎኗ እንደ ሕፃን ሲያጨበጭብ ደግሞ ለእሷም ደስ ይላታል። ልቧ ያለው ግን ከሚጠብቁት ጋር ነው። ካሜራቸውን ባዶ ኮሪደር ላይ ያቆሙና ዝም ይላሉ። ምንም አይመጣም። አሁንም ምንም አይመጣም። በመጨረሻ ተመልካቹ ራሱ፣ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ፍርሃት አውጥቶ እዚያ ኮሪደር ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ከእነዚህ ሁሉ የምታስበልጠው ኦዲሎን ቫን ሄከ የተባለውን ነው። የባሕር ዳርቻዋ ከተማ የኦስተንድ ሰው ነው፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ። የሠራቸው ፊልሞች ብዙ አይደሉም፤ አምስተኛው ረድፍ ላይ ግን ሁሉም በቃል ይታወቃሉ። ኔሊ የምትወደው ሁለት እህትማማቾች አንሶላ የሚያጥፉበትን ነው። ጫፍና ጫፍ ይዘው ይቀራረባሉ፣ ይራራቃሉ፣ ደግሞ ይቀራረባሉ። አንሶላው ባነሰ ቁጥር፣ ወዲያኛውን ጫፍ የያዘችው እህቷ እንዳልሆነች ለተመልካቹ እየገባው ይመጣል። ልጅቷ ግን እያጠፈች ነው። "ከዚያ ቀን ጀምሮ አንሶላዬን ብቻዬን ነው የማጥፈው" ትላለች ኔሊ። ባስቲን ጭራሽ ስለዚያ ፊልም እንዲወራ አይፈልግም።

የኢርማ ግን "እርጥቡ ካፖርት" ነው። ለምን እንደሆነ ለባስቲን ነግራው አታውቅም።

ገና ወጣት ሳለች፣ አንድ የኅዳር ጠዋት፣ ጭጋጉ መንገዱን ሁሉ በሸፈነበት ሰዓት፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ከቆሙት መኪናዎች መሐል ወጥቶ ትራሟ ፊት ገባ። ደወሏን ደወለች፣ ፍሬኗን ያዘች። ትራም ግን እንደ መኪና አይቆምም። ሰውየው ሞተ። መርማሪዎቹ ጥፋት አላገኙባትም። አለቃዋ እረፍት ሰጣት። ባሏ ጆዜፍ፣ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር፣ "እርሺው" አላት። እናቷም "እርሺው" አለቻት። ሁሉም ከልባቸው ነው፤ ግን "ምን አየሽ?" ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው የለም። እሷ ደግሞ ካፖርቱን ታየው ነበር። የቤቷ በር ጀርባ፣ የጆዜፍ ካፖርት የሚሰቀልበት መስቀያ ላይ፣ ታየው ነበር።

አንድ ቀን ዝናብ ሲያባርራት፣ ምን እንደሚታይ እንኳ ሳትጠይቅ ጣቢያው አጠገብ ያለ ትንሽ ሲኒማ ቤት ገባች። ፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴት አለች። የሴትየዋ ቤት መግቢያ ላይ ማንም ያልሰቀለው ካፖርት ተሰቅሏል። ጠዋት ደረቅ ነው። ማታ ጫፉ ረጥቧል። በማግሥቱ ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠባል። ሴትየዋ ለባሏ ታሳየዋለች፤ ባሏ ሲመጣ መስቀያው ባዶ ነው። ሐኪሟ ኪኒን ያዝላታል። ጎረቤቷ ትስቃለች። ካሜራው ግን፣ ሁሉም ከሄዱ በኋላ፣ ወለሉ ላይ ያለውን ትንሽ የውሃ ኩሬ ዝቅ ብሎ ያያል።

ኢርማ እዚያ ወንበር ላይ ሆና አለቀሰች። ፈርታ አልነበረም። ያን ካሜራ የያዘው ሰው፣ ማን እንደሆነ የማታውቀው ሰው፣ ሴትየዋን አመናት። ቤቷ ገብታ ጆዜፍን ቁጭ አደረገችውና ያየችውን ሁሉ፣ ከጭጋጉ እስከ ካፖርቱ ቁልፍ ድረስ ነገረችው። ጆዜፍ ተነሥቶ መስቀያውን ከበሩ ጀርባ ነቀለው። ጸደይ ሲገባ ወደ ትራሟ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ነዳች።

ኦዲሎን ቫን ሄከ ይህን አያውቅም። አንድ ቀን እንደምትነግረው ስታስብ ኖራለች። እሱ ግን ፊልም መሥራት አቆመ ተባለ፣ ኦስተንድ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ ተባለ፤ ከዚያ ወሬውም ጠፋ።

ዘንድሮ ታዲያ ስሙ ከየት መጣ ሳይባል የዝግጅቱ ማስታወቂያ ላይ ወጣ። አዲስ ፊልም አለው፤ ራሱም ይመጣል። ኢርማ ቀድማ ትኬት ልትቆርጥ ሄደች። ትኬት የምትሸጠዋ ሴት ታውቃታለች።

"ማዳም ኢርማ፣ የእርስዎ ሰው እኮ ሊመጣ ነው! ግን ሰምተዋል? ፊልሙን ጨርሶ ብዙም ሳይቆይ ስትሮክ መታው። ይራመዳል፣ ያያል፣ ሁሉንም ይረዳል። ምላሱ ግን ተሳሰረ። ልጁ ናት ይዛው የምትመጣው።"

ኢርማ ትኬቷን ይዛ ትራም ውስጥ ተቀመጠች፤ መውረጃዋንም አለፈችው። የታያት መድረኩ ነው። ያ ሰው ማይክሮፎን ይዞ ቆሟል። ሺህ ሰው "ዝፈን! ዝፈን!" ይለዋል። እሱ አፉን ይከፍታል፣ ምንም አይወጣም፣ ሰው ደግሞ ዓይን አፋርነት መስሎት ጩኸቱን ይጨምራል። ያንን ጩኸት ደግሞ በየዓመቱ የምትጀምረው ማን ናት? ራሷ ኢርማ ናት።

"አይሆንም" አለች ለብቻዋ፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ አያት።

ፊልሙ የሚታየው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ኢርማ ቀድማ መጥታ፣ ዛሬ "ዝፈን" እንዳይሉት እየለመነች ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞረችው። ያውቋታል፤ ለአዳራሹ ነባሮች እንደ ታላቅ እህት ናት። የሚሰማ አንገቱን እየነቀነቀ ለጓደኛው ያስተላልፋል። መድረክ የሚመራውን ሰውዬ ሳይቀር በጎን በር ጠርታ ነገረችው። ባስቲን ጋ ስትደርስ ግን ነገሩ አልቀናም።

"ዘፈን ከሌለ ምኑን የእኛ አዳራሽ ሆነ?"

"ምላሱ ታስሯል እኮ እያልኩህ ነው። አባትህ ቢሆንስ?"

"አባቴማ ምላሱ ደህና ሆኖም ሲዘፍን ውሻችን ከቤት ይወጣ ነበር።"

"ባስቲን!"

"እሺ እሺ። አልጮህም። 'በሩን'ስ?"

"እሱንም ተወው። ዛሬ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ቁጭ ብለን እንይለት።"

"ጨረቃዋስ?"

"እሷንም።"

"ማዳም ኢርማ፣ ስለ እግዜር፣ ጨረቃዋን እንኳ ይተዉልኝ!"

ኔሊ ከረጢቷን አቅፋ ሁሉንም ስታዳምጥ ቆየችና፣ "ጠይቀሽዋል?" አለቻት።

"ማንን?"

"ሰውየውን ነዋ። ዝም እንድንልለት ይፈልግ እንደሆነ።"

"እንዴት ብዬ ነው የምጠይቀው? አይናገርም እያልኩሽ!"

ኔሊ ትከሻዋን ነቀነቀችና ትኬቷን ከከረጢቷ አወጣች።

አዳራሹ ሞላ። ኦዲሎን ቫን ሄከ በልጁ ክንድ ተደግፎ ወጣ። ረጅም ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል፣ የመርከበኛ ሹራብ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። ጭብጨባው ረጅም ነበር፤ ጨዋ ነበር፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ምርቃት ይመስል ነበር። ከዚያ ሁሉም ተቀመጠና ጸጥ አለ።

ሽማግሌው ማይክሮፎኑን ከልጁ እጅ ተቀበለ። ፈገግ አለ። ጠበቀ። ከዚያ የግራ እጁን አንሥቶ ከጆሮው ጀርባ አደረገው፣ "አልሰማሁም፣ እስቲ ድገሙት" እንደሚል ሰው።

ማንም ምንም አላለም። አንዱ ሳል ያዘው፣ ሌላው እሽሽ አሰኘው።

እጁ ከጆሮው ጀርባ ቆየ። ፈገግታው ግን ቀስ በቀስ ከፊቱ ለቀቀ። ወደ ልጁ አየ፤ ልጁ ወደ አዳራሹ አየች። መድረክ መሪው ቶሎ ብሎ፣ "እናመሰግናለን፣ ክብር ይስጥልን፣ እንግዲህ ፊልሙን እንጀምር" ሲል፣ ሽማግሌው ማይክሮፎኑን የሰው ዕቃ ይዞ እንደተገኘ ሰው በሁለት እጁ መለሰለት።

ኢርማ የሆነ ነገር ስታለች፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

አባትና ልጅ መጥተው የተቀመጡት አራተኛው ረድፍ ላይ፣ ከኢርማ ፊት ለፊት ነበር። መብራቱ ሲደበዝዝ ልጁ ወደ አባቷ ጆሮ ዘንበል አለች።

"አባዬ፣ ምናልባት ልማዱን ትተውት ይሆናል። ሰው ተቀያይሯል።"

"አ… አላ…" አለ ሽማግሌው። ቃሉ ጉሮሮው ላይ ቀረ። አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ፣ ራሱን እንደሚያባብል ሰው፣ በለሆሳስ ማዜም ጀመረ። ኢርማ ወደ ፊት አዘነበለች። ዜማ ብቻ አልነበረም፤ ቃል ነበረው። የኦስተንድ ዓሣ አጥማጆች ዘፈን ነው፦

*መብራቱን ተይልኝ መስኮቱ ጥግ ላይ፣*
*ጀልባዬ ስትመጣ ቤቴን እንዳልስት…*

አንድም ቃል አልተሰበረም።

ኢርማ የኔሊን ክንድ ጨበጠች። "ይዘፍናል!"

"ማን?"

"እሱ! መናገር አቅቶት ይዘፍናል፤ ቃሉን አንድ በአንድ!"

"ታዲያ ምን ይገርማል?" አለች ኔሊ በሹክሹክታ። "አጎቴም እንዲሁ ነበር። ውሃ ስጡኝ ማለት አቅቶት የቤተ ክርስቲያኑን መዝሙር ከዳር እስከ ዳር ያወርደው ነበር።"

"ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ!"

"መች ጠየቅሽኝ?"

ፊልሙ ጀምሯል። ኢርማ ግን ለጊዜው አላየችውም። የምታየው ፊቷ ያለውን ነጭ ጭንቅላት ነው። ለዚህች አንዲት ዘፈን ነው የመጣው። ከሥራው፣ ከስሙ፣ ከምላሱ የቀረችው ይህቺ ናት፤ ኦስተንድ ቤቱ ቁጭ ብሎ ተለማምዷት፣ ሹራቡን ለብሶላት፣ ለሚያውቁት ሰዎች ሊሰጣት መጣ። እሷ ደግሞ ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ዞራ አፍ አዘጋችበት። አዝኛለሁ ብላ። አሁን ምን ታድርግ? ተነሥታ "ተሳስቻለሁ" ትበል? ሺህ ሰው በእሷ ቃል ጸጥ ብሏል። ጸጥታው ራሱ እንደ ጣሪያ ከበዳት።

ፊልሙ ላይ አንዲት አሮጊት አሸዋ ክምር መሐል ባለ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ነፋሱ ሳይቋረጥ ይነፍሳል። ጥቂት ቆይቶ ጨረቃ ከደመና ወጣች፣ ትልቅ፣ ሙሉ፣ እዚያው ስክሪኑ መሐል። ካሜራውም ቆመባት። ባስቲን የወንበሩን እጀታ ሁለት እጁን ጭኖ ጨመቀው፤ ከጉሮሮው እንደ ታሰረ ውሻ ያለ ድምፅ ወጣ፣ ዋጠው። ሽማግሌው ወደ ኋላው ዞር አለ። ከጨለማው ውስጥ የሚጠብቀው ነገር ያለ ይመስል ረድፎቹን አየ፤ አየና ተመለሰ፤ ትከሻው ወደ ወንበሩ ሰመጠ።

"አባዬ፣ ከደከመህ እንውጣ" አለችው ልጁ። እሱም ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አነሣ።

ስክሪኑ ላይ አሮጊቷ ከገበያ ተመለሰች። ድንች የሞላ ዘንቢል ይዛለች። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች፣ ዘንቢሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ ቢላዋ አወጣች፣ ተቀመጠች፣ መላጥ ጀመረች። በሩ ከኋላዋ ክፍት ነው። ከበሩ ወዲያ ጨለማና አሸዋ ነው። ካሜራው አልተንቀሳቀሰም። አንድ ድንች ላጠች። ሌላ አነሣች። ምንም የለም። ነፋሱ ብቻ።

ኢርማ የዚህን ሰው አጠባበቅ ታውቀዋለች። ይህ የእሱ አጠባበቅ አይደለም። እሱ ሲጠብቅ ፍርሃት ቀስ እያለ ይገባል፤ አሁን ግን የሚገባ ነገር የለም፣ ሴትየዋ ድንች ብቻ ነው የምትልጠው። ይህ ለሰው የተተወ ቦታ ነው፤ ማዕድ ላይ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ሳይነካ እንደሚቀመጥ ወንበር። ለእነሱ ነው የተወው። አሮጊቷ ለሦስተኛው ድንች እጇን ስትዘረጋ፣ ሽማግሌውም ሊነሣ ክንዱን ወንበሩ ላይ ሲያስደግፍ፣ ኢርማ ብድግ አለች።

"በሩን!!"

ድምፅዋ እንደ አሮጌ ትራም ፍሬን ሲጥጥ አለ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት። ሽማግሌው ግማሽ ተነሥቶ ቀረ።

ስክሪኑ ላይ አሮጊቷ ቢላዋውን አቆመች። ዓይኗን ከድንቹ አንሥታ ቀጥ ብላ ወደ አዳራሹ አየች።

"ሰማሁ፣ ሰማሁ!" አለች። "እናንተ ሰዎች ዛሬም አልታከታችሁም?"

ተነሥታ ሄደችና በሩን ዘጋችው።

አዳራሹ ፈነዳ። ባስቲን ሁለት እጁን ጣሪያ ሊነካ ዘረጋ፤ ሰው ወንበር ላይ ወጣ፣ አለቀሰ፣ ሳቀ፤ ለሺህ ሰው በአንድ ጊዜ የተመለሰ መልስ ነበርና። በዚያ ጩኸት መሐል ደግሞ በሩ ሲዘጋ ከበሩ ጀርባ የነበረው ነገር ታየ። እዚያው ቆሞ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቤት ውስጥ ነበር፤ ዝጊው ብለው ከእሷ ጋር የቆለፉበት ራሳቸው ተመልካቾቹ ናቸው። ሳቁ አየር ላይ እያለ ወደ እሪታ ተለወጠ። ኔሊ ፊቷን ኢርማ ብብት ውስጥ ቀበረች። ኢርማ ራሷ፣ ስንቱን ያየችው ኢርማ፣ እግሯን ከወለሉ አነሣች።

ፊቷ ያለው ሽማግሌ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። የሚስቅ ይሁን የሚያለቅስ ከኋላ አያስታውቅም። ባርኔጣው ወለል ላይ ወድቋል።

ከዚያ ወዲያ የከለከላቸው አልነበረም። ጨረቃዋ ስትመለስ ባስቲን የቀደመውንም ዕዳ ጨምሮ እንደ ተኩላ አላዘነላት። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ኢርማ አልተቀመጠችም።

"ዝፈን!" አለች፤ ድምፅዋ ተሰባብሯል። ኔሊ አነሣችው፣ ባስቲን አነሣው፣ ከዚያ አዳራሹ ተቀበለው።

ሽማግሌው ማንም ሳይደግፈው ወጣ። እጁን እንደገና ከጆሮው ጀርባ አደረገ። አሁን ጩኸቱ ግድግዳውን መታው። በእጁ ጸጥ አሰኛቸውና ዘፈነ። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ዜማውን አንዳንድ ቦታ ይስታል፤ ቃሉን ግን አንድ ጊዜም አልሳተም። መስኮቱን፣ መብራቱን፣ ጀልባውን፣ ሁሉንም ጠራ። ልጁ መድረኩ ሥር ቆማ ከንፈሯን ከእሱ ጋር ታንቀሳቅሳለች።

ሲወጡ ልጁ ሰው ስትፈልግ አገኟት።

"ያቺ መጀመሪያ የጮኸችው ሴት ማን ናት? አባቴ ሊያያት ይፈልጋል።"

"ይቺውና!" አለ ባስቲን ጣቱን ወደ ኢርማ ቀስሮ። "ዝም በሉ ብላ ያስፈራራችንም ይቺው ናት! ጨረቃዬን የቀማችኝ!"

"አንተ ወሬኛ" አለችው ኔሊ።

ኢርማ ፊቷ ቀላ። "ጌታዬ፣ ላዝንልዎ ብዬ ነው" አለች። "ይቸገራሉ ብዬ። መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም።"

ኦዲሎን ቫን ሄከ እጇን ያዘ። የሚለው ነበረው፤ አፉን ከፈተ፣ "እ… እ…" አለ፣ ቃሉ እንቢ አለው። ዓይኑን ጨፈነና በዚያው በዓሣ አጥማጆቹ ዜማ፣ ቀስ ብሎ፣ *በሩ ክፍት ነበረ፣ ደህና አደረግሽ* ብሎ ዘፈነላት።

የኢርማ ተራ ነበር። ስንት ዘመን ስታዘጋጀው የኖረችው ንግግር ነበራት፤ ስለ ጭጋጉ፣ ስለ ትራሙ፣ ስለ ጆዜፍ። አሁን አንዱም አልመጣ አላት። ምላሷ ደህና ሆኖ ቃል አጣች።

"ካፖርቱ" አለች በመጨረሻ። "እርጥቡ ካፖርት። እኔ… አይቼዋለሁ። እውነተኛውን።"

ሽማግሌው ዓይን ዓይኗን አያት። አልሳቀም፤ "እንዴት?" የሚል ፊትም አላሳየም። እጇን ሳይለቅ ራሱን ላይና ታች ነቀነቀ፣ ደግሞ ነቀነቀ፤ እሺ፣ አየሽው፣ አውቃለሁ እንደሚል። ኢርማም ከዚህ በላይ የምትነግረው ነገር እንዳልቀራት ታወቃት።

ልጁ ክንዱን ይዛ ወደ ጎዳናው ወሰደችው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ዞሮ አያቸው፤ ከዚያ በጣም በጥንቃቄ፣ ቋ እስኪል ድረስ ከኋላው ዘጋው።

"አሁን እኛ በየት ልንወጣ ነው?" አለ ባስቲን።